ከመስመሩ በታች ያለችው ነጥብ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ከመስመሩ በታች ነኝ። ወረቀቱን አምስት ጊዜ አየሁት፤ ነጥቧ አልተነቃነቀችም።

ጠዋት ለተረከዝ ጥናቱ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ሃምሳ ዓመት ያለፈውን ሰው እግር ይመረምራሉ፤ እብጠት፣ ቁስል፣ የጣት መጣመም ይመዘግባሉ፤ የተረከዝን አጥንት ደግሞ በድምፅ ሞገድ ይለካሉ። የሄድኩት ቀኝ ተረከዜ ከክረምት ጀምሮ ስላስቸገረኝ ነው። ከአልጋ ስወርድ የመጀመሪያው እርምጃ ሚስማር እንደ መርገጥ ነው።

ሰላማዊት የምትባል ወጣት ባለሙያ መታወቂያዬን አይታ «61» ብላ ጻፈች። ተረከዜን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ ማሽኑ ውስጥ አስገባችው። ደቂቃ አልሞላም። ግራፍ ያለበት ወረቀት ሰጠችኝ፤ ዕድሜ ወደ ቀኝ በጨመረ ቁጥር ዝቅ የሚለው መስመር የእኩዮቼ አማካይ ነው፣ ነጥቧ እኔ ነኝ። «መምህር፣ አጥንትዎ ከእድሜ እኩዮችዎ ሳስቷል። አርብ ሐኪሙ ያይዎታል፤ ምናልባት ደሴ ይልክዎታል። እስከዚያ ከባድ ነገር አይሸከሙ፤ እንዳይወድቁም ይጠንቀቁ» አለችኝ።

ለባለቤቴ ለከዲጃ ስለ ቅባቱ ብቻ ነገርኳት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ያልሠራሁት፦ ጀሪካን አላነሳሁም። ቁልቁለቱን አልወረድኩም። ዙህርን ቆሜ አልሰገድኩም፤ ወንበር ላይ ነው የሰገድኩት።

የሠራሁት፦ የአባቴን ከዘራ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አወጣሁ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰሌዳ ፊት ቆሜ ሒሳብ ያስተማርኩበት እግር ነው። ዛሬ ግቢው ውስጥ ድንጋይ እየመረጥኩ ረገጥኩ። ከዲጃ ታዘበችኝ።

«ምን ሆነህ ነው እንደ ሙሽራ የምትራመደው?»

ወረቀቱን አሳየኋት። «አብሽር፣ አላህ ያውቃል» አለች። እሷም ፈርታለች፤ ጀሪካኑን ቀድማኝ ለማንሳት ስትሮጥ አይቻታለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ተሾመ ዘንድ ሄድኩ። ልብስ ሰፊ ነው። ከላላ ከተማ አጠገብ አንድ መንደር ተወልደን አብረን አድገናል። እሱም ሰኞ ተለክቷል። ወረቀቱን ከሱሪዎቹ ሥር ፈልጎ አወጣልኝ። የእሱ ነጥብ መስመሩ ላይ ነች። የአጥንቱን ቁጥር ከእኔው ጋር አስተያየሁት፤ እኩል ነው። አንድ ዓይነት ቁጥር፣ እሱ ላይ፣ እኔ ታች!

«ስንት ዓመቴ ነው አልካቸው?»

«ስልሳ ስምንት። አንተስ?»

ወረቀቴን አሳየሁት፤ 61 ይላል። የስፌት ሲንጀሩን ፔዳል አቆመ። «አንተዬ እንድሪስ፣ እናቶቻችን በአንድ ሳምንት አራስ ነበሩ'ኮ። እኔ ስልሳ ስምንት ስደርስ አንተ የት ቆመህ ቀረህ?» ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ቤት ገብቼ ማስመሪያ አወጣሁ። ነጥቤን ሰባት ዓመት ወደ ቀኝ ወሰድኳት። መስመሩ ላይ አረፈች።

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ጽፌው አላውቅም፤ ይኸው። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። መምህራን ማሠልጠኛ ስገባ የእድሜ ገደብ ነበረ። ጸሐፊው ዕድሜዬን ሲጠይቀኝ ሰባት ዓመት ቀነስኩ። አብረውኝ ከተሰለፉትም ያልቀነሰ ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ መታወቂያዬም ጡረታዬም የቆሙት በዚያ ቁጥር ላይ ነው። ረሳሁት ልበል? አልረሳሁትም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ዝም ብል፦ ለሌለብኝ ነገር ደሴ እመላለሳለሁ። ጥናቱም የእኔን ውሸት ይዞ ይሄዳል።

ብናገር፦ ወሬው ጡረታ ቢሮ ይደርሳል። ተማሪዎቼም ይሰማሉ።

ከሁለቱም የባሰው ይሄ ነው፦ ውጤት ለማሳመር ቁጥር ለቀየረ ተማሪ ሁሉ ዜሮ ሰጥቻለሁ። አሁን ቁጥሬን ብቀይር ውጤቴ ያምራል። እውነት መሆኑን ማን ያምነኛል?

ከቀትር በኋላ ለከዲጃ ነገርኳት። በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች።

«ስታገባኝ ለአባቴ ሃያ አራት ነው ተብሎ ነበር'ኮ!»

«ሠላሳ አንድ ነበርኩ።»

«አባቴም ‹ለሃያ አራት ፂሙ በዛ› ብሎ ነበር።» እስክታነባ ሳቀች። ሳቋ ሲያልፍ ግን ፊቷ ተለወጠ። «በል ተናገር። የሌለብህን በሽታ ከምትታከም ያለህን ዕድሜ ተናገር።»

አርብ፣ ጥቅምት 14

ተሾመን ይዤው ሄድኩ። ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ነው የመጣው። ለሰላማዊት ነገርኳት። ድምፄ እንደ ተማሪ ድምፅ ሆነብኝ።

«ማስረጃ አለዎት?»

«የልደት ካርዱ እኔ ነኝ» አለ ተሾመ፤ «የጎደለኝ ማኅተም ብቻ ነው።»

ሰላማዊት ሳቀች። ቅጹን አወጣችው፤ ስም የለውም፣ ኮድ ብቻ ነው ያለው። «ከዚህ ክፍል አይወጣም» አለችኝ። እስክሪብቶ ለመንኳት። 61ን በአንድ መስመር ሰረዝኩና ከጎኑ 68 ጻፍኩ። ስህተት አይፋቅም፣ እንዲታይ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ ክፍል ውስጥ ስለው የኖርኩት ነው።

ሐኪሙ ተረከዜን በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ጮህኩ። የተቆጣው የውስጥ እግሬ ጅማት ነው አለ። ለስላሳ ጫማ አዘዘልኝ፤ ጠዋት ከመነሳቴ በፊት ደግሞ እግሬን በፎጣ ወደ ራሴ እንድስብ። ደሴ መሄድ ቀረ።

«አጥንቱስ?»

«ደህና ነው አልልዎትም፤ ከእኩዮችዎ ጋር ነዎት።»

ጁምዓን ቆሜ ሰገድኩ። ተረከዜ አመመኝ፤ ግን ቆምኩ።

እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት። ከጤና ጣቢያው ልወጣ ስል ግን ሰላማዊት በር ላይ ደርሳብኝ፣ «መምህር፣ የሌሎቹ ጡረተኞች ዕድሜስ?» አለች። አብረውኝ ከሠለጠኑት አራቱ ተለክተዋል።

«እኔ የራሴን ብቻ ነው የማውቀው» አልኳት።

ገና ቀለሙ ሳይደርቅ ሌላ ውሸት።

ባለሙያዎቹ ሰኞ ይሄዳሉ። ነገ የገበያ ቀን ነው፤ አራቱም ይወርዳሉ፣ አገኛቸዋለሁ። የምላቸውን እየጻፍኩ እየሰረዝኩ ነው፤ በአንድ መስመር።