ለማናውቃቸው ሴናተር የተለቀሰ ለቅሶ

በእስራኤል፣ በፔታህ ቲክቫ ከተማ የሰፈራችንን የሽማግሌዎች መዋያ ሞዓዶን ለሚያስተዳድሩት ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ አዲሱ የአየር ማቀዝቀዣ መዝጋን በብርዱ ከሚያስነጥሰን በቀር ደህና ነን።

አንባቢዎቼ ይስሙኝና አንድ የሚያሳፍረኝን ነገር ልናገር፦ ባለፈው ሳምንት፣ ከሞቱ መቶ ዓመት ላለፋቸው አሜሪካዊ ደረቴን እየደቃሁ አልቅሻለሁ። እርስዎ ለክብራቸው ብለው የሴናተር ኢዝራ ፔልተንን ፎቶ በጥቁር ፍሬም ከፊት አቆሙ፤ ወንበር ደረደሩ፤ የሕይወት ታሪካቸውን በአማርኛ አስነበቡ። በእኛ ዘንድ ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰው ሲሞት ነው። እማማ ደጊቱ ገና ከበሩ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ወይኔ ወንድሜ! ምን አግኝቶት ሞተ?» ሲሉ ክፍሉ በሙሉ ተከተላቸው። «ኧረ ይህ ነጭ የማን ዘመድ ነው?» ያሉት ጋሽ ቢራራ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውንም ተቆጥተን ዝም አሰኘናቸው። የልጅ ልጆቻችን ይኸው እስከ ዛሬ በዋትሳፕ ይስቁብናል።

እንባዬ ሲደርቅ ታሪካቸውን ደግሜ አነበብኩና ምስጋናዬን በቁጥር ላቀርብ ወደድኩ።

፩. ሴናተሩ በአንዱ ፓርቲ ተመርጠው በሌላው መቀመጣቸውን፣ የኦሃዮን ባቡር በገዛ እርሻቸው በኩል ማሳለፋቸውን፣ ለአገረ ገዥነት ተወዳድረው መሸነፋቸውን፣ ደግመው ተወዳድረውም ደግመው መሸነፋቸውን ከእርስዎ ባንሰማ ከማን እንሰማ ነበር?

፪. ከዘራቸው አንዱ መዝጋን ስለለገሱ ሞዓዶኑ በሴናተሩ ስም እንዲጠራ መወሰንዎ ትልቅ ውለታ ነው። በሽማግሌያችን በአባ ንጋቱ ስም እንደሚጠራ ቃል የሰጡን እርስዎ መሆንዎን ግን ባለቤታቸው እመት ፋንትነሽ እስካሁን አልረሱም፤ እርጅና ነው፣ ይቅር ይበሏቸው።

፫. አባ ንጋቱን ማንም አልመረጣቸውም። ከሮሽ ሃዓይን ፋብሪካ ሥራ ውለው የወጡ ባልና ሚስት ተኳርፈው ሲመጡ መካከላቸው ተቀምጠው ያስታርቁ ነበር። የሕንፃው ጎረቤቶች «ጫጫታ በዛ፣ ይውጡልን» ብለው ሲነሱብን በር ላይ ቆመው ክፍሉን ያስቀሩልን እሳቸው ናቸው። አምና አረፉ። መዝጋን ግን አልሰጡም።

ስለዚህ በሰደር፣ እሺ፣ የሴናተሩ ስም ምረቃ እንደታሰበው ይሁን። እኛም በዚያው ቀን፣ በዚያው ክፍል፣ የአባ ንጋቱን የሙት ዓመት ተዝካር እናወጣለን። ሽማግሌዎቹ መክረው ቆርጠዋል፤ ከወንበሩ የሚነሣ የለም፤ ፈቃድም አንጠይቅም። እርስዎም ከእንግዶችዎ ጋር ቢመጡ የሚበላ አይጠፋም።

ከወገቧ ዝቅ ብላ እጅ እየነሣች ለሥልጣንዎ ዕድሜን፣ ለማስታወስዎ ብርታትን የምትመኝልዎ፣
ውዴ ላቀው፣ የዚህ ዓምድ ጸሐፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰሌዳ የሚሰቅል ሠራተኛ ፍለጋ እንዳይደክሙ። ጋሽ ቢራራ ትናንት የአባ ንጋቱን ስም ከበሩ በላይ በብሎን አጥብቀውታል። እመት ፋንትነሽም ከሥሩ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ማንን ልከው እንደሚያስነሷቸው፣ እሳቸውም ምን ብለው እንደሚመልሱለት፣ አንዲት ቃል ሳልደብቅ እዚሁ እጽፋለሁ።