እሾሁ ወደ ታች ያያል

ከደብረ ማርቆስ፣ ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለእስከዳር። ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። በመጀመሪያ፣ «የአክስትሽ ዓይን ፈዘዘ» ብለው የነገሩሽ ውሸት ነው። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

በሰኔ ቆርጬ በየጣሳው የተከልኳቸው የጽጌረዳ ቅርንጫፎች ሥር ሰደዋል። ሦስቱ ብቻ ደረቁ። ጎረቤቴ ታየች ነቅላ አየቻቸውና፣ «እትዬ፣ ዘቅዝቀው እኮ ነው የተከሏቸው!» ብላ ሳቀች።

«ቀኑ ደመና ነበር» አልኳት።

«ኧረ እትዬ! ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር።»

ይህች ሴት መልስ አታጣም።

አሁን የተሻለ ዘዴ አግኝቻለሁ። የጽጌረዳ እሾህ ጫፉ ወደ ታች ያዘነብላል፤ በጣት ከዳሰሱት ላይና ታቹ አይሳትም። ጣቴ ጥቂት ደማ እንጂ ከዚያ ወዲህ አንድም አልዘቀዘቅኩም።

ቀድሞ ከያዙት አንዱ አብቧል። ታየች ቀይ ነው ትላለች፤ ለገና ስትመጪ አንቺም እይልኝ። ደብዳቤሽንም ጎላ አድርገሽ ጻፊ፤ የዛሬ ልጆች ጽሕፈታችሁ ደቃቅ ነው።

አምላክ በጤና ያገናኘን። ነገ መጀመሪያ በደረቁት ፋንታ አዲስ እተክላለሁ፤ ቀጥሎ ሁሉንም ውሃ አጠጣለሁ፤ ከዚያ ያበበውን ከበሩ አጠገብ አኖረዋለሁ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መዓዛው ይቀበለኛል።

አክስትሽ ወለተ ሐዋርያት