አየር በቀነስኩ ቁጥር

ለምወድህ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ባለፈው ስንነጋገር ድምፅህ ጎርነን ብሎብኝ ነበር፤ ጉንፋኑ ለቀቀህ ወይስ እንደ ልማድህ «ምንም አይደል» እያልክ ተሸክመኸው ትውላለህ? ባለቤትህስ እንዴት ናት? የሥራ ሰዓቷን ቀየሩላት ወይስ አሁንም አንተ ስትገባ እሷ ትወጣለች? ትልቋ ልጅህ መነጽሯን ለመደችው? ትንሹስ ብርድ ልብሱን በየክፍሉ መጎተት ተወ? ፈጣሪ ሁላችሁንም በያላችሁበት ይጠብቅልኝ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። በስልክ ስናወራ እህታችን እትዬ አጠገቤ ትቀመጣለች፤ የምነግርህ ደግሞ ስለ እሷ፣ ይልቁንም እኔ በእሷ ላይ ስላደረግሁት ነው። አንተንም ያስገባሁህ ጉዳይ ስለሆነ በጥሞና እንድታነበው እፈልጋለሁ።

እትዬ የእግር ሕክምናውን አሻፈረኝ አለች ብዬ የነገርኩህን ታስታውሳለህ። አንተም ተናደህ አገናኘኝ አልክና «ሰው ሥራውን ፈትቶ ያመላልስሻል፣ አንቺ ታኮርፊያለሽ እንዴ?» አልካት። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ እስከ መጨረሻው አዳመጠችህ። «እሺ ወንድሜ፣ ልክ ነህ» አለችና መልሳ ሰጠችኝ። አንተ የተቆጣሃት እኔን አምነህ ነው። ውሸት አልነገርኩህም፤ ግን ሳላጣራ ነው የነገርኩህ። በመምህርነት ዘመኔ ሳያጣራ የሚናገር ተማሪ ስንቴ እንደገሠጽኩ አንተም ታውቃለህ፣ አንዱ ራስህ ነበርክ።

ነገሩን ከመነሻው ላስረዳህ። እትዬ ዳሌዋን ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት በኋላ እንቅስቃሴ የምታሠራት ባለሙያ፣ እትዬ በሳምንት ሁለት ቀን እሷ ዘንድ እየሄደች እግሯን ካላፍታታች መገጣጠሚያው እንደሚደርቅ፣ ከደረቀ ደግሞ ሰው ሳይደግፋት መራመድ እንደማትችል በግልጽ ነግራናለች። ታክሲ መግባትና መውጣት አልቻለችም። ያንተ ፒክአፕ ግን ለእሷ የተሠራች ትመስል ነበር። የብረት ባሌስትራዋን አውጥተህ በአየር ፊኛ ስለተካሃት፣ አየሩን አስተንፍሼ እስከ መሬት ዝቅ አደርግላታለሁ፤ እትዬ እንደ ሳሎን ወንበር ቁጭ ትላለች፤ ከዚያ መልሼ እነፋና እንሄዳለን። ከቁራጭ ብረት ክምር ውስጥ ጎትተህ ያወጣሃት መኪና ለዚህ ቀን መብቃቷ እኔንም ደስ አሰኝቶኝ ነበር። እትዬ ራሷ «ሲሠራት አበደ ብዬ ነበር፤ ጎሽ የኔ ልጅ!» እያለች ዳሽቦርዱን ትደባብሰው ነበር፤ ልጅ የምትለው አንተን ይሁን መኪናዋን አልጠየቅኋትም።

በመጀመሪያው ጉዞ የመንገድ ጉብታ ስናልፍ እትዬ የበሩን እጀታ ጨብጣ ዓይኗን ጨፈነች። «አመመሽ?» ስላት «መንገዱ ነው፣ አንተ ምን ታደርግ» አለችኝ። ቤት ስንመለስ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። የተነፋ ኳስ ያነጥራል፣ የተነፋ ትራስ አንገት ይቆለምማል፤ እንግዲያው የፊኛዎቹ አየር በዝቷል ማለት ነው አልኩ። ያን ቀን ጥቂት ቀነስኩ። እንደማስተምረውም አንድ ነገር ብቻ ነው የቀየርኩት፤ ጎማውን አልነካሁም፣ ፍጥነቴን አልለወጥኩም፣ መንገዱም ያው ነበር።

በሚቀጥለው ጉዞ መሃል መንገድ ላይ «ዛሬ አይሻልም?» አልኳት። «ይሻላል» አለች።

ምናልባት ያን ቀን እውነቷን ይሆናል። ግን እኔ በዚያው አቅጣጫ ቀጠልኩ። በየጉዞው ትንሽ አስተነፍሳለሁ፣ በየጉዞው «ዛሬስ ከበፊቱ አይሻልም?» እላለሁ፣ እሷም «በጣም ይሻላል፣ ተባረክ» ትላለች። መኪናዋም ዝቅ እያለች መጣች። ልደብቅህ አልችልም፣ ዝቅ ስትል አምሮባት ነበር። ጋራዡ ጋ ስናልፍ ልጆቹ «መምህር፣ አራዳ ሆኑ እኮ!» እያሉ ይጮኹልኛል። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ክንዴን በመስኮት አውጥቼ መንዳት ጀምሬ ነበር። ያኔ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ልብሷን አልለብስ አለች። «እግሬም ከፈለገ ይድረቅ፣ እኔ በቃኝ» አለች። ምክንያቷን ብጠይቃት «ደከመኝ» ከማለት ሌላ አልተነፈሰችም። ለመንኳት፤ ተቆጣኋት፤ በመጨረሻም «ሕመሙ ያለው እግርሽ ላይ ሳይሆን ጭንቅላትሽ ውስጥ ነው» አልኳት። ለእትዬ! አንተን አዝላ፣ እኔን በእጇ እየጎተተች ላሳደገችን ሴት። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ያኔ ስናገረው ግን አልከበደኝም።

እንዲህ እንዳለን ዓይኔን ለማስመርመር ሄድኩ። ያደረሰኝ ጎረቤታችን ቀስበቀስ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣው፣ ቀስ ብሎ በመንዳቱ ይህን ስም ያወጡለት። ሐኪሟ ጠብታ ስለምታደርግብኝ መንዳት እንደማልችል አስቀድማ ነግራኝ ስለነበር በአንተ መኪና እሱ እየነዳ፣ እኔ ጋቢና፣ እትዬ ከምትቀመጥበት ቦታ ሆኜ ሄድን። አስበው፣ መኪናዋን ካስረከብከኝ ጊዜ ጀምሮ በዚያ በኩል ተቀምጬ አላውቅም ነበር።

የሚነዳ ሰው ጉብታውን ቀድሞ ያየዋል፣ መሪውን ይዞ ሰውነቱን ያዘጋጃል። የተሳፈረ ሰው ምንም የሚይዘው የለውም። የመጀመሪያውን ጉብታ ስናልፍ ምላሴን ነከስኩ። ሁለተኛው ላይ ከወንበሩ ስር መዶሻ የመታኝ መሰለኝ፤ ሕመሙ ዳሌዬ ላይ ገብቶ በትከሻዬ ወጣ። «ዷ» የሚለውን ድምፅ ለወራት የኋላው መዝጊያ ነው እያልኩ አልፌዋለሁ። ቀስበቀስ ቆም አደረጋትና ዞሮ አየኝ። «መምህር፣ እኔ እኮ አየር የምትነፋ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ዱቄት ኖሯል የምትነፋው!» አለኝና ከት ብሎ ሳቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አብሬው እስቅ ነበር። «በሕግ አምላክ ቀስ በል» አልኩት፤ እሱም «ከዚህ ከቀነስኩማ መቆሜ ነው» አለኝ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም «አሁን ገባህ?» አለችኝ። እትዬ ከጅምሩ ነግራት ኖሯል። «ከመኪናው በወረድኩ ቁጥር ሌሊቱን አልተኛም፤ ግን ለእሱ አይነገረውም፣ ስንት ለፍቶበታል» ብላ አስምላታለች። «ታዲያ እኔ በየጊዜው ጠይቄያታለሁ እኮ፣ ይሻላል ነው የምትለኝ» አልኳት። ባለቤቴ ቢላዋውን አስቀመጠች። «አንተ አልጠየቅካትም። ‹አይሻልም?› ነው ያልካት። ልፋትህን አይታ፣ አይሻልም ብላ ልታሳፍርህ ነው?» አለችኝ።

ወንድሜ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ጀማሪ መምህራንን «መልሱን በውስጡ የያዘ ጥያቄ አትጠይቁ» እያልኩ ስመክር ኖሬያለሁ። ተማሪው የሚያውቀውን ሳይሆን እናንተ መስማት የምትፈልጉትን ይነግራችኋል እላቸው ነበር። የአየሩን ልክ በመለኪያ በጥንቃቄ ስለካ፣ የሕመሟን ልክ ግን በራሴ ምኞት ነበር የለካሁት።

በማግስቱ ልብሴን ቀይሬ ከመኪናዋ ስር ተኛሁ። አንተ «ተረከዝ» የምትለው፣ የመኪናዋ አጥንት የሆነው ሻንሲ ስር ያለው ወፍራም ላስቲክ ተጨፍልቆ ፊቱ እንደ ተወለወለ ጫማ ያበራል። ጎማዎቹን የሚያገናኘው ዘንግ በየጉብታው እሱን ሲመታ ነው የከረመው። አየር በቀነስኩ ቁጥር መኪናዋ ዝቅ ስትል ፊኛው የሚጫወትበትን ቦታ እያሳጣሁት፣ በመጨረሻ እትዬን ያስቀመጥኳት በአየር ላይ ሳይሆን በላስቲክና በብረት ላይ ነበር። አንተ ስትሄድ በላስቲኩና በዘንጉ መካከል የአራት ጣት ክፍተት እንዳይጠፋ ብለኸኝ ነበር። እኔ ስለ መልኳ የምታወራ መስሎኝ «እሺ እሺ» ብዬ አለፍኩት። ይህም ሌላው ጥፋቴ ነው።

አራቱን ጣት መለስኩ። ንጥረቱን የሚያበርዱት የኋላ ሾክ አብዞርበሮች ዘይታቸውን ጨርሰው ስለነበር አንዴ የተነሳች መኪና እንደ ጀልባ ትዋልል ነበር፤ ለካ እትዬን በመጀመሪያው ቀን ያሳመማት እሱ ነው። ቁመታቸው ለመኪናዋ የሚስማማ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም እኩል የሚጫወቱ አዲስ አስገጠምኩ። ከዚያ ቀስበቀስን አስነድቼ እኔ በእትዬ ቦታ ተቀመጥኩና ያንኑ መንገድ ደጋግመን ሄድን፤ ትንሽ እየጨመርን፣ ትንሽ እየቀነስን፣ በግራና በቀኝ ለየብቻ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ፊት በኩል ግን ትንንሽ ጉድጓድ ላይ አሁንም ትነክሳለች። ፊኛዎቹ ጠባብ ስለሆኑ ክብደቱን ለመሸከም ብዙ አየር የሚፈልጉ ይመስለኛል፤ ሰፋ ባሉ ብንቀይራቸው በትንሽ አየር ይሸከሙ ይሆን? ቦታውስ ይበቃል? ይህን አንተ ነህ የምታውቀው፤ በዝርዝር ጻፍልኝ። ከእንግዲህ ሳልጠይቅ ምንም አልነካም።

ወደ እትዬ ገብቼ ይቅርታ ጠየቅኋት። ሁሉንም ነገርኳት። ሰማችኝና «ታዲያ ምን ልበልህ? ከመኪናው ስር ስትወጣ ፊትህ ጥላሸት ብቻ ሆኖ እንደ ልጅነትህ ይስቃል። እንዴት ብዬ ላጥፋው?» አለችኝ። መቆጣት ይሻለኝ ነበር።

የቀረችባቸው ሳምንታት ግን በይቅርታ አልተመለሱም። ባለሙያዋ እግሯን አጠፍ ዘርጋ አድርጋ አየችና የጠፋው ሁሉ ላይመለስ እንደሚችል ነገረችን። እትዬ ጫማዋን ራሷ ማድረግ ጀምራ ነበር፤ አሁን አልቻለችም። ጠዋት ጠዋት የማደርግላት እኔ ነኝ። ክሩን ሳስር «ላላ አድርገው» እንድትለኝ እጠብቃለሁ፤ አትልም።

እንደገና የሄድን ዕለት ከግቢ ስንወጣ አንድ ነገር ብቻ ለራሴ ቃል ገባሁ። የመጀመሪያውን ጉብታ አለፍን፤ ዝም አልኩ። ድልድዩን አለፍን፤ ምላሴ እየበላኝ ዝም አልኩ። ከዚያ «እንዴት ነው?» አልኳት፤ ሌላ ቃል አልጨመርኩም። እትዬ በመስኮት ስታይ ቆይታ «ያመኛል» አለች። ቀጥላም እንደ ጥፋተኛ ዝቅ ባለ ድምፅ «ጉብታው ላይ ደህና ነበር። ድልድዩ ላይም ያን ያህል አይደለም። ስትታጠፍ ነው፣ ወደ ቀኝ ስታጋድል» አለችኝ። መንገድ ዳር አቆምኩ። የቀኙን ፊኛ ጥቂት ነፋሁና በቀስታ ታጥፌ አሳየኋት። «አሁንስ?» አልኳት። «አሁንም አለ፣ ግን ቀንሷል» አለች። ወንድሜ፣ ከሷ አፍ እንደዚህ ያለ መልስ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ስለዚህ የምለምንህ ይህ ነው። ደብዳቤው እንደደረሰህ ደውልላት። እኔ በነገርኩህ ተነስተህ የተናገርካትን አንተው ራስህ አንሳላት። ስትጠይቃት ደግሞ «ተሻለሽ አይደል?» አትበላት፤ «እግርሽ እንዴት ዋለ?» በላትና ታገስ። ቶሎ አትመልስልህም፤ መስመሩ የተቋረጠ ይመስልሃል። እንዳትዘጋው።

ለባለቤትህ ከእኔም ከባለቤቴም የከበረ ሰላምታ ይድረሳት፤ የላከችልን ሹራብ ለእትዬ ልክ ሆኗል። ትልቋን ልጅ አጎትሽ ስለ መነጽርሽ ጠይቋል በላት። ትንሹን በሁለት ጉንጩ ሳምልኝ፤ ብርድ ልብሱንም አትቀማው። ቀስበቀስ «ሲመጣ እኔ ነኝ የምቀበለው፣ ቀደም ብዬ ልነሳ» ብሎሃል። ባለቤቴ ጉንፋንህን እንዳትንቅ ታሳስብሃለች።

እትዬ ደግሞ ለማን እንደምጽፍ ስታይ «ደህና ነኝ በለው» አለችኝ። ደህና አይደለችም። ግን ማክሰኞ እንሄዳለን።

የሚወድህ ወንድምህ

ከቤታችን በረንዳ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን