መኮትኮቻው ላይ የቆመችው ሴት

ፈይሳዬ፣

ትተኸኝ ከሄድህ ዐሥራ አንድ ወር ሊሞላ ነው። አንተ እንዴት እንዳለህ መጠየቅ አልችልም፤ እኔ ግን ተናድጃለሁ። ናፍቆቱን ለሌላ ቀን ላቆየውና ንዴቴን ልንገርህ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ። የጓሮውን አጥር አሳድሻለሁ። የሐዘንህን ጥቁር ልብስ አላወለቅሁም። ጎመንና ድንች እያወጣሁ ነቀምት ገበያ እሸጣለሁ፤ የምተዳደረው በእሱ ነው። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት መሬቱ ካልተገለበጠ የክረምት ድንች የለም። ትንሿ ትራክተርህ ግን አፈር የሚገለብጠው ባለ ቢላ መኮትኮቻዋ ተፈቶ አጠገቧ እንደተጋደመ ዳሱ ሥር ቆማ ነበር።

እንደማልወዳት ታውቃለህ። እዚህ እርሻ የነበራቸው ፈረንጆች ለቀው ሲሄዱ አርጅታ የገዛሃት፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ከእኔ በፊት እሷን የምታያት። መኮትኮቻው የሌላ ትራክተር ስለነበረ አልገጥም ብሎ ስንት ላሜራ ቆረጥህላት! ለእኔ ጓዳ አንዲት መደርደሪያ እስክትመታ ሁለት ፋሲካ አልፏል። ብግን ብዬ፣ ይህ ብረት ደጄ ላይ እንዳይፈታ እንዳይታሰር አልሁህ። ያኔ ነው ኡኬ ከተማ ወዳለው ወዳጅህ፣ ወደ ቀጥቃጩ ኦቦ ዲንቃ መሄድ የጀመርኸው። በየዓመቱ ዝናብ ሊገባ ሲል መኮትኮቻውን ለማሰር በጭነት መኪና ትወስዳትና ሦስት አራት ቅዳሜ እዚያ ትውላለህ። አንድም ቀን ምን ስትሠራ ዋልህ ብዬ ጠይቄህ አላውቅም።

ዘንድሮ የከተማው መካኒክ ሊገጥመው ሞከረ። ቡሎኖቹን ጥርቅም አድርጎ አሰረ፤ ሞተሩ ሲነሳ ቺንጋው፣ ቢላዎቹን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ወጣ። ደግሞ አሰረ፣ ደግሞ ወጣ። ቢጨንቀኝ ለኦቦ ዲንቃ በሾፌር መልእክት ላክሁ። ዓይኑ ደክሟል አሉ፤ እህቱን ላከልኝ። አዴ ጫልቱ ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ቀጭን፣ ሳቂታ። ስሟን አንድ ቀን እንኳ አንስተህልኝ አታውቅም።

ሰላም ብላኝ መኮትኮቻውን አስፈታችው። ከዚያ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ላዩ ላይ ወጣችና መካኒኩን አሁን እሰር አለችው። ለካ አንተ የቆረጥኸው ላሜራ የቡሎን ቀዳዳው ሰፋ ያለ ነው፤ ሰው ቆሞበት ካልታሰረ ቺንጋው አይወጠርም። ሞተሩ ተነሳ፣ ቺንጋው ጸና፣ ቢላዎቹ አፈሩን ይገለብጡት ጀመር። ጎረቤቱ ሁሉ ደስ ሲለው እኔ የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። በየዓመቱ እዚያ ላይ የምትቆመው እሷ ነበረች። ክብደት ከሆነ የፈለግኸው፣ ፈይሳ፣ እኔስ አንስህ ነበር?

ምሳ አቀረብሁላት፤ ፊቴ ግን አልተፈታም። ገብቷታል።

«ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ፣ አትቀየሚኝ» አለችኝ። «እዚያ ላይ ስቆም የሚያወራው ስላንቺ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አመጣታለሁ ይለን ነበር፣ ሁልጊዜ።»

እህቷ ያደረገኝ ማን እንደሆነ እንጃ። ይህን ስሰማ ቅናቴ የሚበርድልኝ መስሎህ ይሆናል፤ ባሰብኝ እንጂ። ስለ እኔ ያወራኸውን እንኳ የሰማችው እሷ ናት። እኔ ደጄን ዘግቼ ስቆጣ፣ አንተ እዚያ ስትጠብቀኝ ኖረሃል። እሷ ከሄደች በኋላ ጓሮው ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስሁ።

በማግስቱ መልሼ ላክሁባት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። የዋልህባቸውን ቀኖች አንድ በአንድ ታወራልኛለች፤ ምን እንደበላህ፣ በምን እንደሳቅህ፣ ጣትህን የቆረጥህ ዕለት ምን እንዳልህ። ዘልላ ልታልፍ ስትል እመልሳታለሁ። እስካሁን አልወደድኋትም፤ እንዳትቀር ግን እሰጋለሁ።

አልረሳህም፣ ፈይሳዬ። አብሬህ የነበርሁበትን ብቻ ሳይሆን ያልነበርሁበትንም አስታውስሃለሁ። አንዲት ቅዳሜ እንኳ ለብቻዋ አልተውላትም።