አጎቴ የቀረበት መሻገሪያ

ኅዳር 4
ብርድ። የዳጉሳው ጠላ ጥሩ ይዟል። ልጄ ዲልማያ ልትዳር ነው። ከቤት ከመውጣቷ በፊት አጎቴ ሃርካዶጅ በጉልቻው ፊት የአባቶችን መንገድ ይጠራላታል። ከምድጃችን ተነስቶ፣ አባቶቻችን ወንዙን ይዘው የወጡባቸውን ማረፊያዎች አንድ በአንድ እየጠራ እነሱ ዘንድ ይወርዳል፣ ስለ ልጅቷ ይነግራቸዋል፣ በዚያው ይመለሳል። ሲለማመድ ሰማሁት። ያጣድፈዋል! ዩኒቨርሲቲ ያስተማርኩት ይህንኑ ነው፤ እንዲህ የሚያጣድፍ ተማሪ ቢሆን በፈተና እጥለው ነበር።

ኅዳር 7
ተናድጃለሁ። ዛሬ ጠራ። መውረዱን አሳምሮ ወረደ። ሲመለስ ግን ከወንዙ መሻገሪያ ዘሎ የቀርከሃው ዳገት ላይ ወጣ። በመካከል ዋሻው አለ፤ አባቶቻችን የሆኑት ወንድማማቾች ዝናብ ያሳለፉበት።
«አጎቴ፣ ዋሻውን ዘለሉት!» አልኩ።
ጥሪውን አቋረጠ። «የት ነበርኩ?» ... ጠፋበት። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልወጣውም።
ሚስቱ ሲርማያ ጮኸችብኝ። «አንተ ፕሮፌሰር! ባሌን መሻገሪያው ላይ ጥለኸው መጣህ!»
ጠሪው ቃሉ ከተቋረጠ፣ በትክክል በጠራው የመጨረሻ ማረፊያ ላይ ነፍሱ ትቀራለች፤ ይህን እኔም አውቃለሁ። ግን ዘሏል። አሁንም እላለሁ፣ ዘሏል።

ኅዳር 8
አልበላም። ምድጃው ዳር ተቀምጦ በሩን ያያል።

ኅዳር 9
የጤና ጣቢያው ልጅ መረመረው። ምንም የለበትም አለ። እህል ግን በአፉ አልዞረም። ሲርማያ ቁርጡን ነገረችን፤ እሱ ሳይመለስ ሠርግ የለም።
ዲልማያ ማታ መጣች።
«አባዬ፣ መንገዱን ታውቀዋለህ አይደል?»
«ከማንም በላይ።»
«እንግዲያ ሂድና አምጣው።»
«እኔ አስተማሪ እንጂ ጠሪ አይደለሁም።»
«ታዲያ ለማን ነው የተማርከው?»
የእኔው ልጅ! ... ፈርቼ ነው? አይደለም። ሲርማያ «ብትሳሳትስ?» አለች። «አልሳሳትም» አልኳት።

ኅዳር 10
አልተሳሳትኩም።
ከጉልቻው ተነስቼ እስከ መሻገሪያው ወረድኩ። እዚያ በስሙ ጠራሁት። «ሃርካዶጅ፣ ተነሱ፣ ቤት እንግባ።» በየማረፊያው ደጋግሜ ጠራሁት። ዋሻው ጋ ሆን ብዬ ቆየሁ። ከዚያ ቀርከሃው፣ ጋራው፣ የቡንግ መንደር ማሳ፣ ደጃፋችን። እጁን ይዤ ጉልቻው ላይ አሳረፍኩት። ድንጋዩ ሞቆ ነበር። ደነገጠ፤ ዞሮ አየኝ።
«ዋሻውን ረስቼው ነበር» አለ።
«ነግሬዎት ነበር እኮ።»
«አንተ አህያ! ቤት እስክገባ አትታገስም ነበር?»
ጠላ ጠየቀ። ቀመሰና «ቀጥኗል» አለ። ሲርማያ በመሐረቧ ፊቷን ሸፈነች፤ ትሳቅ ታልቅስ አላውቅም።

ኅዳር 12
የሠርጉ ዕለት። እንደገና ጠራላት። ዲልማያ አጠገቤ ነበረች፤ እጄን ይዛ። ሲመለስ ዋሻውን ጮክ ብሎ ጠራው፤ እኔን እያየ። በዚያው ቀርከሃውን ዘለለ!
ጥርሴን ነከስኩ። ጋራው ... ማሳው ... ደጃፉ ... እጁ ጉልቻው ላይ አረፈ።
«አጎቴ፣ ቀርከሃው ቀርቷል።»
«አውቄያለሁ» አለ። አላወቀም። ግን ፈቀቅ ብሎ ከተቀመጠበት የጠሪው ምንጣፍ ግማሹን ለቀቀልኝ።