ሁለት ኮከብ የተሰጠበት ወንድሜ

ሳን ፔድሮ፣ ኦገስት 11 ቀን 2008

ለተወደድከው፣ ለተከበርከው፣ በሁለት ኮከብ የቤዝቦል ወርዋሪዎች ለተለወጥከው ወንድሜ፣

እንዴት ነህ? እኛ ደህና ነን፤ እኔ እንዲያውም ከደህናም አልፌ ወፍሬያለሁ። ፊደሌ ቢወላገድ እንዳትስቅ። እኔና ትምህርት ቤቱ ስድስተኛ ክፍል ላይ በስምምነት እንደተለያየን ታውቃለህ። በስልክ የማይነገር ነገር ስላለኝ ነው የምጽፈው፤ ስልኩ ያለው ሱቅ ውስጥ ነው፣ ሱቁ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ጆሮ ነው። አንብበህ አቃጥለው።

ልውውጡ በሬዲዮ የተነገረ ቀን ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ፀጉር አስተካካዩ ዶን ኤላዲዮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የደገፉት ቡድን ሁለቱን ምርጥ ወርዋሪዎቹን አሳልፎ ሰጥቶ ሦስት ጥሬ ልጆች ወሰደ። የሦስቱ አውራ ደግሞ አንተ ሆነህ ቁጭ አልክ! ሽማግሌው በአንተ ይኩሩ ወይስ ለቡድናቸው ያልቅሱ ግራ ገባቸውና ምላጫቸውን እንደያዙ ሱቅ መጡ።

«አብደዋል! ከሁለቱ ግራኙ ወርዋሪ ብቻውን ዘንድሮ አሥራ አራት ጨዋታ አሸንፏል። የምትጥል ዶሮ ሰጥቶ እንቁላል የሚገዛ ማን አለ?» አሉ።

የስኳር ፋብሪካው ቶንዮ ከዶሚኖው ቀና ሳይል ሳቀ። «የእርስዎ ኮከቦች ትከሻቸው አልቋል፣ ዶን ኤላዲዮ። ከርሞ ውላቸው ሲያልቅ ቻው እንኳ ሳይሉ ይሄዱብዎታል። ልጁ ግን ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው! አሥር ዓመት ኳስ ይመታልዎታል።»

«አሥራ ዘጠኝ» ሲል ሁላችንም ጣሪያ ጣሪያውን አየን። ሰፈሩ እውነተኛ ዕድሜህን ያውቃል። የዛሬ ሦስት ዓመት አሠልጣኝህ ቻጎ «ሃያ የሞላውን ማንም አያስፈርምም፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ወረቀት አምጡ» ሲለን፣ በትኩሳት የሞተውን የታናሽህን የአንዬሎን የልደት ወረቀት ከሣጥን አወጣን። ሞቱን መዝገብ ቤት ሄዶ ያስመዘገበ ስላልነበረ፣ በወረቀት ልጁ በሕይወት ነበር። ከመቃብሩ መስቀል ላይ ስሙን ፍቀን በኖራ ቀባነው። አንተ አንዬሎ ሆነህ ባሕር ማዶ ሄድክ፣ እሱ ያለ ስም ተኛ። ይኸው እስከ ዛሬ ሬዲዮው «አንዬሎ!» ባለ ቁጥር እማዬ ወደ በሩ ዞር ትላለች፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ይመስል።

ክርክሩ ሲጋጋል ዶን ኤላዲዮ ቱግ አሉ። «ስለ ዊልኪን ለእኔ ትነግረኛለህ? ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ ፀጉሩን የቆረጥኩት እኔ! ልጄ ነው፣ እወደዋለሁ፣ ሁለት ኮከብ ግን አያወጣም!»

እውነተኛ ስምህ አመለጣቸው። ዶሚኖው እንኳ መንኳኳቱን ተወ። በሩ አጠገብ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ እንግዳ ለስላሳ ይጠጣ ነበር፤ ለካ አዲሱ ቡድንህ ወረቀትህን እንዲያጣራ የላከው ሰው ነው።

«ዊልኪን ማነው?» አለ።

ምላሴን ታውቀዋለህ፣ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚነሳው። «ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ሞቷል» አልኩት። «ዶን ኤላዲዮ እርጅና ተጫጭኗቸው ሁለቱን ያምታታሉ። ባለፈው ሳምንት እኔንም ጺምሽን ልላጭሽ ብለውኛል።»

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬውም ሳቀ፤ ከዚያ ደብተሩን አወጣ። «መቼ ነው የሞተው?»

«አምና፣ በዚሁ ወር።»

«የት ነው የተቀበረው?»

እዚህ ላይ የእኔ ሳቅ አለቀ። «ነገ ጠዋት አሳይዎታለሁ» አልኩ።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ምስማርና ጥቁር ቀለም ይዤ መካነ መቃብር ሄድኩ። ቀልድ ከጀመርኩ እስከ መጨረሻው ነው። ያ ስም የለሽ መስቀል ላይ መጀመሪያ በምስማር ቆረጥኩ፣ ከዚያ በቀለም ሞላሁ፣ ዓመት የከረመ እንዲመስል ደግሞ ጭቃ አሸሁበት። ዊልኪን። ፊደሌ አምሮልኝ አያውቅም፣ ያን ቀን ግን አማረ። ግማሽ ላይ ስደርስ አንድ ሰው ከትከሻዬ በላይ የሚያየኝ መሰለኝ። አንዬሎ ደብተሬን እንደዚያ ቆሞ ያይ ነበር፣ «ይሄ ዘንበል ብሏል» እያለ። ዞር አላልኩም። የዘነበለውን ግን አቃናሁት።

በማግሥቱ ሰውዬው ፎቶ አነሳ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ እማዬን «ነፍስ ይማር» አላት። «አሜን» አለች። ድምጿን ስሰማ እማዬ እንዲህ ተዋናይ ናት እንዴ ብዬ ገረመኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ «ዓመቱ በዚህ ወር ነው ካልሽ የዓመት ጸሎቱ ደርሷል» አለችኝ።

«እማዬ፣ ሰውዬው እኮ ዛሬ ይሄዳል። ለማን ብለን ነው?»

«ልጄ ያለ ጸሎት አይቀርም።»

«የትኛው ልጅሽ?» ብዬ ቀለድኩ። ሻማ ልትገዛ ወደ ሱቁ ታጠፈች።

ዓርብ ከሰዓት ሰፈሩ መጣ። እማዬ ከጠራች ማን ይቀራል? መጀመሪያ ሁሉም ይጣቀሱ ነበር። ቶንዮ በጆሮዬ «ሟቹ ትናንት ሁለት ኳስ መትቷል አሉ» ብሎኝ ሳቄን በመሐረብ አፈንኩት። ከዚያ እማዬ ያንተን ፎቶ ሻማዎቹ መሃል አቆመች፣ ተንበረከከች፣ ሙሉ ስምህን ጠርታ ለነፍስህ ዕረፍት ለመነች። ከዚያ ወዲያ የተጣቀሰ የለም። ዶን ኤላዲዮ ጥቁር ለብሰው ጥግ ላይ አለቀሱ። «በአፌ የገደልኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም።

በዚያው መሃል ከሱቁ ጩኸት መጣ። «አንዬሎ! አንዬሎ!» በአዲሱ ቡድንህ የመጀመሪያውን ኳስ ከአጥሩ ማዶ ልከሃል። ከጸሎቱ ተነስቶ ለመጨፈር የደፈረ ግን አልነበረም። እማዬ ፈገግ ብላ ወደ በሩ አየችና «ይኸው፣ እሱስ ደህና ነው» አለች።

ቅዳሜ ስትደውል ጉንፋን ይዟታል ያልኩህ ውሸት ነው። ጠርቻት ነበር። «አንዬሎ ከሆነ ሰላም በይልኝ» አለችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እውነተኛ ስምህን ስጠራ ታማትባለች።

ወረቀትህ አልፏል፣ ቻጎ ነግሮኛል። ደስ ይበልህ። እኔም ደስ ብሎኛል።

ትናንት ቢላ ይዤ ተመልሼ ሄድኩ። ቀለሙን ፋቅኩት፣ ለቀቀ። ምስማሩ የቆረጠው ግን አይለቅም። ዓይኔን ጨፍኜ ጣቴን ሳሳልፍበት ይነበባል።

እግዚአብሔር ክንድህን ያበርታ፣ ዶን ኤላዲዮንም ሁለቱን ኮከቦቻቸውን ያስረሳቸው። ለገና ና። በጠራራ ፀሐይ ና፣ በዋናው መንገድ ና፣ እማዬ ከሩቅ ትይህ። ቤት ስትደርስ ዘለህ አትግባ፤ ደጅ ቆመህ ስምህን ተናገር። የሬዲዮውን ሳይሆን የራስህን። ሱቅ ያለው ሁሉ ቢሰማም ተናገር።

ፖስታው ላይ ያኛውን ስም ነው የጻፍኩት፣ ይቅር በለኝ።

ቀልደኛዋ እህትህ፣
ያኒሪስ