በሩ ላይ የቀሩት

ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን

ለበኩሬ፣ ስልክ ለማያነሳው፤

እንዴት ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ እንጂ ምላሴ አላረጀም። የምትጽፍልኝ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ናት። «ቀስ ይበሉ ጋሼ፣ ይሄ እጅ ነው እንጂ የስፌት መኪና አይደለም» ትለኛለች።

የወንድምህን የቴሌቪዥን ጌሞች ነገር ልንገርህ። አሮጌ የጌም ካሴት ለሙዚየም የሚሰበስብ ሰውዬ መጥቶ ነበር። በፊደል ተራ ልደርድራቸው አለኝ። «እዚህ ቤት ፊደል አይሠራም» አልኩት። አብራችሁ የጨረሳችኋቸው ከላይ፣ ያልጨረሳችኋቸው ከታች፤ ወንድምህ የደረደራቸው እንዲያ ነው። እኔ በሥዕላቸው እለያቸዋለሁ፤ አቧራቸውን ጠርጌ ወደየቦታቸው እመልሳለሁ። ሰውዬው ከታች ክፍት ቦታ አይቶ «ይቺስ የት ሄደች?» አለ። ማጫወቻው ማሽን ውስጥ ናት አልኩት።

ወንድምህ አንተን ሊሸኝ አውሮፕላን ማረፊያ የሄደ ዕለት «አባዬ፣ እንዳታጠፋው፤ ከጠፋ እንደገና ከመጀመሪያው ነው» ብሎኝ ወጣ። በመልሱ መኪናው ተገለበጠ። እኔም አላጠፋሁትም። ያንተና የሱ ድንክዬ ሰዎች ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ በር ላይ እንደቆሙ ከረሙ። ያንተው ያዛጋል። የሱ ግን ሳይነኩት ሲቆይ ዞር ብሎ ፊት ለፊት ያየኛል። ምሳዬን እዚያው ነው የምበላው። አንዳንዴ «ቆይ፣ ይመጣል» እለዋለሁ። ይህን አትጻፊው አልኳት፤ እጇ ግን አልቆመም።

ትናንት መብራት ጠፋ። ሲመጣ ማሽኑን ራሴ አበራሁት። በሩ የለም፣ እነሱም የሉም፤ ጽሑፍ ብቻ። ልብስ ሰፊዋን ጠርቼ አስነበብኳት።

«አንድ ተጫዋች ወይስ ሁለት? ነው የሚለው። ይምረጡ ጋሼ።»

አልነካሁትም።

ሰውዬው ሐሙስ ይመጣል። ሌላውን ይውሰድ፤ ማሽኑ ውስጥ ያለችውን ግን አልሰጠውም። ስማኝ፤ ወንድምህ የሸኘህ ወዶ ነው። በሱ ሞት አንተን የወቀሰ የለም፤ የሚወቅስህ ካለ ወደ እኔ ላከው። ና ብዬ አልለምንህም፤ ማንንም ለምኜ አላውቅም። የምትጫወትበትን ጆይስቲክ ግን ጠርጌ ከሱው ጎን አስቀምጫለሁ። አንድ ነው ብዬ እንዳልጫን፣ ልጆቼ ሁለት ናቸው። ሁለት ነው ብዬ እንዳልጫን፣ የሚጫወት ሰው ቤት ውስጥ የለም። ጥያቄው እንደበራ ነው።

የወሰደህ መንገድ መመለሻውን አይንሳህ።

አባትህ
ከታች ያለው የአውራ ጣቴ ቀለም ነው፤ ታውቀዋለህ።